ለጣና የእንፋሎት ጀልባ፦ ቦይለሩ ከበርሜል አይሠራም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል 5 ሰው የምታመላልስ 7 ሜትር ጀልባ ከላሜራ ልንሠራ ነው፤ ጓደኛዬ ብየዳ ቤት አለው። ቤንዚን ስላስቸገረን በእንፋሎት እንድትሄድ እንፈልጋለን። ቦይለሩን ከ200 ሊትር በርሜል፣ ካልሆነም ከባዶ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ለመሥራት አስበናል። ለሞተር አሮጌ የባጃጅ ሞተር አለን። ማገዶው ባሕር ዛፍ፣ ውሃው ከሐይቁ ስለሆነ ወጪ አይኖረውም። 15 ፈረስ ጉልበት ያለው ያማሃ የሚሄደውን ያህል እንድትሄድ ቦይለሩ ስንት ሊትር ይሁን?»

ምላሽ፦ ቦይለር በሊትር አይለካም። የሚለካው በአንድ በኩል እሳት፣ በሌላው በኩል ውሃ በሚነካው የብረት ገጽ ስፋት ነው። በውስጡ የሚይዘው ውሃ ሲበዛ ጉልበት አይጨምርም፤ የሚጨምረው የሚፈነዳውን ነገር ብዛት ነው። ስለዚህ ከበርሜሉ እንጀምር።

የ200 ሊትር በርሜል ክዳን ከዳር እስከ ዳር 57 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ ከሩብ ካሬ ሜትር ትንሽ ያልፋል። በ1 ባር ግፊት ብቻ ክዳኑን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል 2.6 ቶን ነው። ጀልባዋ በምትፈልገው 7 ባር ደግሞ 18 ቶን ይሆናል። ይህን የሚሸከመው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ላሜራና ዙሪያውን የታጠፈ ስፌት ነው። ጓደኛዎ ዙሪያውን ደህና አድርጎ ቢበይደው እንኳ ጠፍጣፋነቱ አይቀርም፤ ጠፍጣፋ ላሜራ በግፊት ይነፋል፣ እሳት ሲያጠፉ ይመለሳል፣ እንዲህ እየተለጠጠና እየታጠፈ ብየዳው ጥግ ላይ ይሰነጠቃል።

የጋዝ ሲሊንደሩ ሐሳብ ከበርሜሉ የበለጠ ያሳስታል፤ ግፊት መቻሉ እውነት ነዋ። ግን የተሠራው ቀዝቃዛ ጋዝ ሊይዝ ነው። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ደለል ከውስጥ ተቀምጦበት ከውጭ እሳት ሲለበልበው ያ ቦታ ብቻውን ይግላል፣ ብረት ደግሞ 550 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል። ውስጡን ከፍቶ የሚያዩበት፣ ደለሉን የሚያጥቡበት ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳ ልክፈት ብለው ሲቆርጡትም የቀረው ጋዝ እሳት ሊይዝ ይችላል። ይህ ሁሉ ቀርቶ ቢሠራ እንኳ፣ እሳት የሚነካው ገጹ ግማሽ ካሬ ሜትር አይሞላም። እርስዎ የሚያስፈልግዎ 2.5 ካሬ ሜትር ነው። አምስት ሲሊንደር ደርድሮ ማቀጣጠል እንደማይታሰብ ግልጽ ነው።

አደጋው ከእንፋሎቱ ይመጣል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። የሚገድለው ውሃው ነው። 7 ባር ላይ ያለ ውሃ 169 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,790 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ደግሞ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ ነው። ቦይለሩ ሲቀደድ በመካከል ያለው የ75 ዲግሪ ትርፍ ሙቀት ከውሃው አንድ ሰባተኛውን በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። አንድ ሊትር ውሃ 290 ሊትር ያህል እንፋሎት ያወጣል ማለት ነው። በርሜልዎ 100 ሊትር ቢይዝ፣ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ የሚሞላ እንፋሎት በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ 7 ሜትር ጀልባ ላይ የሚሸሹበት የለም። ግፊቱን ወደ 1 ወይም 2 ባር ዝቅ አድርገን በርሜሉን እንጠቀም ማለትም መፍትሔ አይሆንም። 1 ባርም 2.6 ቶን ነው፤ ሞተሩ ደግሞ በዚያ ግፊት ጀልባዋን ከደንገሉ አያወጣትም።

አሁን ወደሚሠራው እንሂድ። ስሌቱ ከፍጥነት ይጀምራል። 15 ፈረስ ያማሃ ቀላል ጀልባን ከውሃው በላይ አንስቶ ያንሸራትታታል፤ የእንፋሎት ጀልባ ግን ከባድ ስለሆነች ውሃውን እየሰነጠቀች ነው የምትሄደው። እንዲህ የምትሄድ ጀልባ ራሷ ከምታስነሳው ማዕበል መቅደም አይቻላትም። 7 ሜትር ርዝመት ኖሯት ውሃ ላይ የሚያርፈው 6.3 ሜትር ከሆነ የፍጥነቷ ጣሪያ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ ለመድረስ የሚጠፋው ማገዶ ግን አያዋጣም። ተሳፋሪ ጭና 1.5 ቶን የምትመዝን ጀልባ በ3 ፈረስ ጉልበት በረጋ ውሃ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ዘጌ በውሃ ከ10 ኪሎ ሜትር ትንሽ ስለሚያልፍ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብዎታል። ጎርጎራ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አይታሰብ። ዝግታው ጥቅምም አለው፤ ትንሽ ማዕበል ስለምታስነሳ በታንኳ የሚያጠምዱትን አታስጨንቅም።

3 ፈረስ ጉልበት ለማግኘት የባጃጁ ሞተር አይሆንም። ይዘቱ 200 ሲሲ አካባቢ ነው። በእንፋሎት በደቂቃ 300 ዙር ቢዞርና ፒስተኑ ላይ በአማካይ 3.5 ባር ቢያርፍ የሚያወጣው ግማሽ ፈረስ ጉልበት ነው። በዚያ ላይ ካምሻፍቱ ለአራት ምት የተሠራ ስለሆነ መለወጥ አለበት፤ በፒስተኑ ዳር የሚያመልጠው እንፋሎት ደግሞ ከታች ያለውን ዘይት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወተት ያስመስለዋል፣ ኩሽኔታዎቹም ይበላሉ። ፈጥኖ እንዲዞር አድርገን ጉልበቱን እናብዛው ቢሉ ማርሽ መጨመር ይኖርብዎታል፤ የእንፋሎት ጀልባ ውበቷ ማርሽና ፍሪሲዮን አለመፈለጓ ነበር።

የሚያስፈልግዎ ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ እንፋሎት በፒስተኑ ላይም ታችም እየተፈራረቀ የሚገፋበት ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ውስጥ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ ምቱም (ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት) 75 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በደቂቃ 300 ዙርና በ3.5 ባር አማካይ ግፊት 3.1 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሁለቱ ክራንኮች በ90 ዲግሪ ይራራቁ። አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲቆም እንፋሎት ቢከፍቱለትም አይነሳም፤ ወደብ ሊጠጉ ሲሉ ወደኋላ አልሄድ ካለ ግንቡን ይገጫሉ። ከፍተኛና ዝቅተኛ ግፊት ሲሊንደር ያለው ኮምፓውንድ ሞተር በማገዶ ሲሶ ያህል ይቆጥባል፤ ሥራው ግን ስለሚከብድ ለመጀመሪያ ጀልባ አልመክረውም። ለትናንሽ የእንፋሎት ጀልባ ሞተር የሚሆን ከነንድፉ የቀረበ ያልተሞረደ ቀልጦ የተሠራ ብረት በእንግሊዝና በአሜሪካ ይሸጣል፤ ጥሩ ቶርኖ ቤት ካገኙ እዚሁ ሞርዶ መጨረስ ይቻላል። ለሲሊንደሩ የሚሆነው ዘይት ለእንፋሎት ሲሊንደር ተብሎ የሚሠራው ወፍራሙ ነው፤ የመኪና ዘይት በ160 ዲግሪ እርጥብ ሙቀት ታጥቦ ይሄድና ሲሊንደሩ ይጫራል።

እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 18 ኪሎ ያህል እንፋሎት ይፈጃል፤ በሙሉ ጉልበት ወደ 55 ኪሎ። አንድ ካሬ ሜትር የቦይለር ገጽ፣ የእሳቱ ነፋስ በጭስ ማውጫ ብቻ ሲሳብ፣ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ እንፋሎት ያመነጫል። 2.5 ካሬ ሜትር ያልኩት ከዚህ መጥቶ ነው።

ከቦይለር ዓይነቶች ሁለቱ ይነጻጸራሉ። እሳቱ በቱቦ ውስጥ፣ ውሃው ዙሪያውን የሆነበት ቋሚ ቦይለር ታጋሽ ነው፤ ብዙ ውሃ ስለሚይዝ ለጥቂት ደቂቃ ቢዘነጉትም አይጎዳም። ሆኖም ከነውሃው 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ ቁመቱም ጀልባዋን ያንገዳግዳታል፤ ለመፍላት አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ውሃው በቱቦ ውስጥ፣ እሳቱ ዙሪያውን የሆነበት፣ ከላይ አንድ የእንፋሎት ጋን ከታች ሁለት የደለል ጋኖች ያሉት ቦይለር ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሊትር ብቻ ይይዛል፤ ከነሽፋኑ 200 ኪሎ አይሞላም፤ በግማሽ ሰዓት ይነሳል። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ እሳቱን ያጠፋል እንጂ ጀልባዋን አይበትንም። ለጣና የምመርጠው ይህን ነው። የታችኞቹ ጋኖች ደለሉን ስለሚሰበስቡ በየጫፋቸው የሚከፈት ማጠቢያ ቡሽና አንድ ማፍሰሻ ቫልቭ ይኑራቸው።

ጉድለቱንም ይወቁት። በውሃ ማሳያ መስታወቱ ላይ የሚታየው ውሃ ምናልባት 4 ሊትር ቢሆን ነው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት በደቂቃ 0.9 ሊትር ስለሚጠጣ፣ ፓምፑ ሲቆም ያለዎት ጊዜ ከ5 ደቂቃ በታች ነው። ቱሪስት እያስጎበኙ መሪ ይዞ እሳት መጠበቅ አይቻልም፤ ጀልባዋ ነጂና እሳት ጠባቂ፣ ሁለት ሰው ትፈልጋለች። ውሃው ከመስታወቱ ከጠፋ ማንም ሰው ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጨምር፤ የጋለ ቱቦ በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል። እሳቱን በእርጥብ አመድ ያዳፍኑት፣ የአመዱን በር ይዝጉ፣ ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

ቦይለሩን ጓደኛዎ እንዳይሠራው እመክራለሁ፤ በሙያው ስለናቅሁት አይደለም። የግፊት ዕቃ ብየዳ በሌላ ፈተና የሚመሰክሩበት ሙያ ነው፤ የብየዳው ውስጥ ጉድለት በዓይን አይታይም። በአምራቹ የተመሰከረለት፣ የብረቱ ዓይነትና ውፍረት በወረቀት የሰፈረለት ቦይለር ይግዙ። ገንዘቡ ካልበቃ ጀልባዋን በአንድ ዓመት ያዘግዩ።

ቦይለሩ ላይ የሚገጠሙት፦ ቢቻል ሁለት ሴፍቲ ቫልቭ፣ ቢያንስ ግን አንድ የተመሰከረለት፣ 7 ባር ላይ ተስተካክሎ የታሸገ፤ የውሃ ማሳያ መስታወት፣ ከጎኑም መስታወቱ ቢሰበር ወይም ቢደፈን ውሃውን የሚፈትኑባቸው ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎች፤ እስከ 14 ባር የሚያሳይ ጌጅ፤ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ የውሃ መግቢያ መንገዶች፣ እያንዳንዳቸው ውሃ ወደኋላ የማይመልስ ቫልቭ ያላቸው። አንደኛው መንገድ በሞተሩ የሚነዳ ፓምፕ ነው። 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በ30 ሚሊ ሜትር ምት በአንድ ዙር 6 ሲሲ፣ በ300 ዙር ደግሞ በሰዓት 108 ሊትር ይገፋል፤ ከሚያስፈልገው እጥፍ ስለሆነ ትርፉ በመመለሻ ቫልቭ ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው ጋን ይመለስ። ሁለተኛው የእጅ ፓምፕ ነው፤ ጀልባዋ ቆማ ቦይለሩ ሲፈላ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቱቦና ቫልቭ ላይ ነው። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ጋልቫናይዝድ ቧንቧና የናስ ቫልቭ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ነው፤ በ169 ዲግሪ የቫልቩ ውስጥ ማሸጊያ ይለሰልሳል። በቆርቆሮና በእርሳስ ቅይጥ (በሊድ) የተበየደ መዳብም አይሆንም፤ የተለመደው ቅይጥ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል፣ ከዚያ በታችም ጥንካሬ የለውም። ስፌት የሌለው ወፍራም ጥቁር የብረት ቱቦ፣ ወይም በብር ብየዳ የተያያዘ መዳብ ይጠቀሙ። ጓርኒሲዮኑ ግራፋይት ይሁን፤ ጎማ ይቀልጣል። ቱቦዎቹን ለመሸፈን ከድሮ ፋብሪካ የወጣ ነጭ ገመድ ቢያገኙ አይንኩት፤ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ሮክ ዉል (የድንጋይ ሱፍ) ይበቃል። ከተማው ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር ላይ የሠራ ቴክኒሻን ካወቁ የእንፋሎት ቫልቭን ከውሃ ቫልቭ መለየት ያሳይዎታል። ይህን በወረቀት ከማንበብ በእጅ ይዞ ማየት ይሻላል።

ስለ ከፍታው ደግሞ። ቤንዚን ሞተር ባሕር ዳር ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል እንደሚያጣ ያውቃሉ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ። የእንፋሎት ሞተር ይህ አይደርስበትም፤ ሴፍቲ ቫልቩና ጌጁም የሚለኩት ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ በደጋም በቆላም 7 ባር 7 ባር ነው። የሚቸገረው እሳቱ ነው። 2.5 ሜትር ጭስ ማውጫ እዚህ የሚስበው ከ1 ሚሊ ሜትር ውሃ ትንሽ የሚበልጥ ግፊት ብቻ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ከሚስበው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ የሚስበውም አየር ራሱ ስስ ነው። ከውጭ ንድፍ ወስደው እንደወረደ ከሠሩት እሳቱ ያጨሳል፣ ግፊቱም ከ4 ወይም 5 ባር አልፎ አይወጣም። ማካካሻው የእሳቱን ፍርግርግ ማስፋት ነው፦ 40 በ45 ሴንቲ ሜትር። ጭስ ማውጫው 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ከፍርግርጉ እስከ መጀመሪያው ቱቦ 40 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ፤ የእንጨት ነበልባል ረጅም ስለሆነ ቀዝቃዛ ቱቦ ቶሎ ከነካ ሳይነድ ጥላሸት ይሆናል። ከጭስ ማውጫው ሥር 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላት የእንፋሎት መንፊያ ይግጠሙ፤ ሞተሩ ቆሞ እሳቱ ሲደክም በእሷ ያነሱታል። ጫፉ ላይ ፍንጣሪ የሚይዝ ወንፊት አይርሱ። በበጋ የደረቀ ደንገልና የዘጌ ደን አጠገብ ነው የሚያልፉት።

ውሃው ከሐይቁ ነው ያሉት በከፊል ልክ ነው። የጣና ውሃ ጨው አልባ ስለሆነ ለቦይለር የማይሆን አይደለም፤ በክረምት ግን ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል ያደፈርሰዋል። ደፍራሽ ውሃ ቦይለር ውስጥ እንደ ወተት ይገነፍላል፤ ከእንፋሎቱ ጋር ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፣ ውሃ ደግሞ ስለማይታመቅ የሲሊንደሩን ክዳን ይሰብራል። ሲሊንደሮቹ ግርጌ ማፍሰሻ ቧንቧ ይኑር፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ክፍት ይሁን። ሞተሩን አየር ላይ ቢያስተነፍሱት በ5 ሰዓት 275 ሊትር የሐይቅ ውሃ ቦይለሩ ውስጥ ይተናል፤ ውሃው ሄዶ ቆሻሻው ይቀራል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ቅርፊት። ስለዚህ እንፋሎቱን መልሰው ውሃ ያድርጉት፤ ከጀልባዋ ወለል ሥር፣ ከውጭ በኩል ውሃው ውስጥ የሚያልፍ ቱቦ (ኮንደንሰር) ይበቃል። 35 ሚሊ ሜትር የመዳብ ቱቦ፣ 4 ሜትር ሄዶ 4 ሜትር የሚመለስ፣ ወደ ጋኑ እያዘቀዘቀ። በሞተሩ የሚነዳ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ውሃውን እየሳበ ያወጣዋል። ፓምፑ ቱቦው ውስጥ የሚፈጥረውን ባዶነት የሚለካው የባኩም ጌጅ ከ61 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ ሊያልፍ አይችልም፤ በባሕር ጠረፍ 76 ነው። 45 ካሳየ ደህና ነው፣ አየር ያስገባል ብለው አይድከሙ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይበላሻሉ። አንደኛው፣ መዳብ ከብረት ጀልባ ጋር በውሃ ውስጥ ሲነካካ ብረቱን ይበላዋል። ቱቦው በሚገባበትና በሚወጣበት ቦታ ጎማ ወይም ቴፍሎን ይለየው፤ ከጀልባዋ ወለል ሥር፣ በእሷ ብረት ፋንታ የሚበላ የማግኒዥየም ቁራጭ ይሰሩ። ዚንኩ ለባሕር ነው፤ በጨው አልባ ውሃ በደንብ አይሠራም። ሁለተኛው፣ የሲሊንደሩ ዘይት ከውሃው ጋር ተመልሶ ቦይለር ይገባል። ዘይት ቱቦው ውስጥ እንደ ቀጭን ብርድ ልብስ ተለጥፎ ውሃው እንዳያቀዘቅዘው ይከላከላል፣ ቱቦው ይግላል፣ ይነፋል። 25 ሊትር የሚይዝ፣ በመከለያ ሦስት ቦታ የተከፈለ ጋን ይሥሩ፤ መካከለኛው ክፍል ቃጫና ፎጣ ይሞላ፤ በየሁለት ጉዞው ይቀየር። የጋኑ ውሃ ከ70 ዲግሪ አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ከሞቀ እዚህ በ94 ስለሚፈላ ፓምፑ ሲስብ እንፋሎት ይሆንበትና ይነጥቃል።

ፕሮፔለሩ የያማሃው ዓይነት አይደለም። በ300 ዙር የሚዞር ስለሆነ ትልቅ መሆን አለበት፦ ከጫፍ ጫፍ 45 ሴንቲ ሜትር፣ በአንድ ዙር የሚገፋው 65 ሴንቲ ሜትር። ይህ በሰዓት 11.7 ኪሎ ሜትር በሒሳብ፣ ከመንሸራተት በኋላ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ፕሮፔለር ለማስገባት ጀልባዋ ከኋላ 65 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ በመስከረም ችግር የለውም፣ ሐይቁ ዝቅ በሚልበት በግንቦትና በሰኔ ግን የምትጠጉበትን ወደብ ጥልቀት አስቀድመው በዘንግ ይለኩ። እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ከላዩ ወለሉ ላይ እጅ የሚያስገባ ክዳን ያለው ጉድጓድ ከሠሩ ውሃ ውስጥ ሳይገቡ ቆርጠው ያወጡታል። እንዲህ ያለው ጉድጓድ አፉ ከውሃው መስመር 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ስለ ጀልባዋ አካል ብዙ አልልም፤ ብየዳ ቤቱ ያውቀዋል። ወለሏ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ወርዷ 1.9 ሜትር፣ ኋላዋ ወደ ላይ እየጠበበ የሚወጣ ይሁን፤ እንደ ሞተር ጀልባ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ኋላ ውሃ ይጎትታል። ቦይለሩ መካከል ላይ፣ በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ፣ ሞተሩ ከኋላው ይቀመጥ። ሁለቱም የሚያርፉት ከአጥንቶቹ ጋር በተበየደ አንግል ላይ ነው፤ ላሜራው ላይ ብቻ አይታሰሩ። ከአመድ መያዣው በታች 5 ሴንቲ ሜትር የአየር ክፍተት፣ ውስጡም ሁልጊዜ ሁለት ጣት ውሃ ይኑር።

ማገዶው ወጪ የለውም የሚለውን ላስተካክል። ደረቅ ባሕር ዛፍ 1 ኪሎ በትንሽ ቦይለር 3 ኪሎ ገደማ እንፋሎት ያወጣል። በሙሉ ጉልበት በሰዓት 20 ኪሎ፣ በ8 ኪሎ ሜትር ዝግ ብለው ሲሄዱ 15 ኪሎ ይነዳል። ለማፍላት 12 ኪሎ ሲጨመር ዘጌ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ያህል ነው፤ 80 ይጫኑ። 35 ሴንቲ ሜትር እየተቆረጠ፣ የክንድ ውፍረት እየተፈለጠ፣ ከዝናብ ተጠልሎ ስድስት ወር የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ከጉልበቱ ብዙውን የራሱን ውሃ በማትነን ይጨርሳል፣ ተሳፋሪውንም በጭስ ያስለቅሳል። የሐይቁ ዳርቻ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነውና አመዱንና የጋኑን ዘይታማ ቃጫ ወደ ውሃው አይጣሉ። የአገር በቀል ዛፍም አያንድዱ። በዚህ ላይ የእሳት ጠባቂው ደመወዝ፣ የሲሊንደር ዘይትና የቦይለሩ ዓመታዊ ፍተሻ አለ። ዓላማዎ ከቤንዚን ወጪ መዳን ብቻ ከሆነ እንፋሎት መልስዎ አይደለም። ዝግ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ የምትሄድ፣ ቱሪስት ለራሷ ብሎ የሚሳፈርባት ጀልባ ከፈለጉ ግን ትሆናለች።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። በመጀመሪያ የተመሰከረለትን 2.5 ካሬ ሜትር፣ 7 ባር የውሃ ቱቦ ቦይለር ያግኙ፤ ክብደቱንና ልኩን በእጅዎ ሳይዙ አንድም ላሜራ አይቁረጡ። ጀልባዋን፣ የፕሮፔለሩን ዘንግ፣ ኮንደንሰሩንና ጋኑን ጓደኛዎ ይሥራ። ተሳፋሪ የመጫን ፈቃድ የሚሰጠውን አካል ንድፉን ይዘው ሥራው ሳይጀመር ያነጋግሩ፤ ካለቀ በኋላ የሚመጣ እርማት ብየዳ መቁረጥ ነው። የመጀመሪያውን በጋ ያለ ተሳፋሪ ይሥሩባት፤ የሐይቁ ነፋስ ከቀትር በኋላ ስለሚነሳ በጠዋት።

ቦይለሩ ተገጥሞ እሳት ከመንካቱ በፊት፣ 7 ባር ላይ እንዳይተነፍስ ሴፍቲ ቫልቩን ለዚህ ፈተና ብቻ አንስተው ቀዳዳውን ይድፈኑ፤ አየር ሳይቀር በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው በእጅ ፓምፕ 10.5 ባር ያድርሱትና 30 ደቂቃ ያቆዩት፤ ጌጁ ከወረደ የሚያፈሰውን ሳያገኙ አይቀጥሉ። ከዚያ ሴፍቲ ቫልቩን መልሰው ገጥመው፣ ጀልባዋን ከወደቡ ጋር አስረው እሳቱን እስከ መጨረሻው ያንድዱ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን እንፋሎት ይዝጉ፣ በእጅ ፓምፑ ውሃውን እየጠበቁ ጌጁን ይመልከቱ። ሴፍቲ ቫልቩ 7 ባር ላይ መተንፈስ ጀምሮ ግፊቱን ከ7.7 በታች ማቆየት አለበት። 7.7 ካለፈ ቫልቩ ለእሳቱ ጠቧል፤ እሳቱን አዳፍነው ሰፋ ያለ ቫልቭ ይቀይሩ፣ ፈተናውንም ከመጀመሪያው ይድገሙት።